የቀኝ በኩሉ ጉብታ

ጎረቤት «ልጆችሽ ምንድን ነው የሚሠሩት?» ብሎ በጠየቃት ቁጥር የእናትየዋ መልስ አንድ ነው፦ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።» ከዚያ እየሳቀች ታብራራለች። ሁለቱም ልጆቿ፣ ሴቷም ወንዱም፣ አንድ ተቋም ውስጥ ተቀምጠው በዓይናቸው አይተዋት የማያውቋት፣ ወደፊትም የማያዩዋት፣ እግር ይቅርና ሐሳብ የማይደርስባት የሌላ ኮከብ ፕላኔት አየር አላት የላትም እያሉ ይከራከራሉ። «ደመወዝ ግን ይከፈላቸዋል» ትላለች። «እኔን የሚገርመኝ እሱ ነው።»

ሥራው እንዲህ ነው። ጠፈር ላይ ያለ ቴሌስኮፕ አንዲት ትንሽ ቀይ ኮከብ ላይ ያነጣጥራል። ፕላኔቷ በኮከቧ ፊት ስታልፍ ብርሃኑ በጥቂቱ ይቀንሳል፤ ዝንብ በአምፖል ፊት ስታልፍ የሚቀንሰውን ያህል እንኳ አይሆንም። ፕላኔቷ አየር ካላት ታዲያ ከብርሃኑ እፍኝ የማትሞላው በዚያ አየር ውስጥ ሾልካ ትመጣለች፤ አየሩም የሚስማማውን ቀለም ለራሱ ያስቀራል። የትኛው ቀለም እንደጎደለ ያወቀ ሰው አየሩ ከምን እንደተሠራ ያውቃል። ይህ ሁሉ ልፋት መጨረሻ ላይ አንድ መስመር ነው። መስመሩ ሜዳ ከሆነ ምንም አልታየም። በስተቀኝ ጉብ ካለ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አለ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ካለ ደግሞ አየር አለ።

አለቃቸው ቁመታቸው አጭር፣ ትዕግሥታቸው ከቁመታቸው ያጠረ ሴትዮ ናቸው። በሳቸው ክፍል አንድ የማይሻር ሕግ አለ። አንዱ ዳታ ለሁለት ሰው ይሰጣል። ሁለቱ ለየብቻ ይሠሩታል፤ እስኪጨርሱ ድረስ ስለ ሥራው አይነጋገሩም፣ አንዱም የሌላውን መስመር አያይም። ሲጨርሱ ሰው በተሰበሰበበት፣ በአንድ ስክሪን ላይ ይከፈታል። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ይላሉ። «ሁለቱ ባላ ግን ከአንድ ግንድ የተቆረጡ እንዳይሆኑ።» ይህን እያሉ ወንድምና እህት መምረጣቸው ለምን እንደሆነ የጠየቃቸው አልነበረም። ቢጠየቁም መልሱ ቀላል ነው፤ ሌላ ሰው አልነበራቸውም።

እህትየዋን ተቋሙ በሙሉ እታለም ይላታል። ስሟ አይደለም፤ ወንድሟ ሲጠራት ሰምተው ነው። ወንድምየው ደግሞ ጢም አብቅሎ፣ ፀጉሩም ከፊት መሸሽ ጀምሮ፣ እናቱ በሕፃንነቱ ማሙሽ እንዳለችው ቀርቷል። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነውና እታለም ፈጣን፣ ቆራጥ፣ ስትሳሳትም በልበ ሙሉነት የምትሳሳት ናት። እሱ ሦስቴ አይቶ፣ አራተኛ ጊዜ ደግሞ ሰው ጠይቆ ነው እግሩን የሚያነሣው። ተቋሙ ውስጥ ያስገባችው እሷ ናት። የማሙሽ የቅጥር ውል በወሩ መጨረሻ ያልቅ ነበር። አለቃቸው አልደበቁትም፤ ውጤት ከተገኘ ቋሚ ቦታ አለ፣ ካልተገኘ ግን እሱን የሚያስቀጥሉበት በጀት የለም። ይህን የሰማችው እናት እንቅልፍ አጥታ ከረመች።

እሁድ እሁድ ምሳ እናታቸው ቤት ነው። ማሙሽ እዚያው ይኖራል፤ እታለም ሁለት መንገድ ተሻግራ ከአፓርታማዋ ትመጣለች። ዳታው ከተሰጣቸው ወዲህ ግን ምሳው የምሳ ወግ አጣ። ስለ ዝናብ ያወራሉ፣ ስለ ጎረቤት ውሻ ያወራሉ፣ ከዚያ ዝም ይላሉ። እናትየዋ መሃል ተቀምጣ አንዴ አንዷን፣ አንዴ አንዱን ታያለች።

«ተጣልታችኋል?»

«ኧረ አልተጣላንም እማዬ፣ ሕጉ ነው» ትላለች እታለም።

«በኔ ገበታ ላይ የሴትዮዋ ሕግ አይሠራም!»

ግን ሠራ። ቢያንስ ገበታው ላይ ሠራ።

የመክፈቻው ቀን ክፍሉ ጢም ብሎ ሞላ። አለቃቸው ራሳቸው ቁልፉን ተጫኑ። የእታለም መስመር ሰማያዊ ነው፣ የማሙሽ ቢጫ። ሁለቱ ተያይዘው ከግራ ጀምሮ ሜዳ ለሜዳ ሄዱና በስተቀኝ፣ እዚያው ቦታ ላይ፣ በእኩል ከፍታ አብረው ጉብ አሉ። ቢጫው በሰማያዊው ላይ ተኝቶ አንድ መስመር መሰለ። ጭብጨባው ፈነዳ፤ ማጨብጨብ የማያውቁት አለቃም አጨበጨቡ።

«ሐሙስ ጠዋት ለዓለም እናሳውቃለን» አሉ። ወደ ማሙሽ ዞረውም «አንተ ደግሞ ሐሙስ ከሰዓት ቢሮዬ ና» አሉት። ለምን እንደሆነ ያልገባው ሰው አልነበረም። እታለም ወንድሟን ጥምጥም ብላ አቀፈችው። ሰውነቱ እንደ እንጨት ደርቆ ነበር። ደስታው ከብዶት ነው ብላ አሰበች፤ ራሷም እንባ እየተናነቃት ስለነበር ብዙ አልተመራመረችም።

የሥራውን አካሄድ ጽፎ የማዘጋጀቱ ነገር ለእሷ ተሰጠ። ማክሰኞ ጠዋት ቢሮዋ ተቀምጣ ጀመረች። ቴሌስኮፑ ፕላኔቷን አራት ጊዜ ተመልክቷታል። በሦስተኛው ምልከታ ላይ ኮከቧ ድንገት ትልቅ ብልጭታ ለቀቀች። የኮከብ ብልጭታ ክፉ ነው፤ ቀለሙን ሁሉ ያዛባል፣ የሌለ ጉብታም ይሠራል። ስለዚህ እታለም ያን ምልከታ አውጥታ በቀሩት ሦስቱ ነበር የሠራችው። «ሦስተኛው ምልከታ በብልጭታው ምክንያት ተትቷል» ብላ ጻፈች። ለማረጋገጥ ያህል ፕሮግራሟን ከፈተች።

«3 ይውጣ» ይላል።

ልትዘጋው እጇን ሰደደችና ቀጥ አለች። ኮምፒውተር መቁጠር የሚጀምረው እንደ ሰው ከአንድ ሳይሆን ከዜሮ ነው። ዜሮ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ለሰው ሦስተኛ የሆነው ለኮምፒውተሩ 2 ነው፤ እሷ 3 ስትለው እሱ የጣለላት አራተኛውን ነው። ይህን ለጀማሪዎች የምታስተምረው እሷው ነች! ንጹሑን አራተኛ ጥላ የተበላሸውን ሦስተኛ አቅፋ ከርማለች። አንዴ ዞር ብላ ብታየው ኖሮ ብልጭታው እዚያው ነበር። እርግጠኛ የሆነ ሰው ግን ዞር ብሎ ምን ያያል?

ጆሮዋ ሥር ድረስ ጋለባት። ሦስቱን ወደ ሁለት ለውጣ ፕሮግራሙን እንደገና አስኬደችው። እስኪጨርስ ሻይ አፍልታ መጣች። ጉብታው የለም። ከዳር እስከ ዳር ሜዳ ነው።

መጀመሪያ ያሰበችው ስለ ራሷ ውርደት ነው፤ እውነቱን መናገር ይሻላል። ቀጥሎ የመጣባት ሐሳብ ግን ከውርደቱ የባሰ ነበር። እሷስ ተሳስታ ነው ጉብታውን ያገኘችው። ማሙሽ ከየት አመጣው?

እናታቸው ጡረታ እስክትወጣ ድረስ አስተማሪ ነበረች። ፈተና ስታርም ሁልጊዜ የምትለው ነገር ነበራት፦ «ሁለት ልጆች አንድ ዓይነት ትክክል ካመጡ አጥንተዋል። አንድ ዓይነት ስህተት ካመጡ ተኮራርጀዋል።» እንዲያውም አንዱ ተማሪዋ የጓደኛውን ወረቀት ሲገለብጥ የጓደኛውን ስም ጭምር ገልብጦ ነበር። ያ ልጅ ዛሬ የልጆች አባት ነው፤ በዚያ ቤት ግን እስካሁን ይሳቅበታል።

ከመክፈቻው ወዲህ የሁለቱም ፋይል ለሁለቱም ክፍት ነው። እታለም የወንድሟን ከፈተች። ማሙሽ ጠንቃቃ ነው፤ ምን እንዳደረገና ለምን እንዳደረገ ሥር ሥሩን ይጽፋል። ሦስተኛው ምልከታ አለ። አራተኛው ወጥቷል። ምክንያቱ «መሣሪያው አልተረጋጋም» ይላል። አራተኛው ምልከታ ላይ መሣሪያው የተኛ ሕፃን ያህል የተረጋጋ ነበር። ያን ምልከታ የሚጥል ሁለት ዓይነት ሰው ብቻ ነው፤ አንዱ ከዜሮ መቁጠር የረሳ፣ ሌላው የእህቱን ጉብታ ፍለጋ የወጣ። ማሙሽ ደግሞ መቁጠር አይረሳም።

ደሟ ፈላ። ማሙሽ ያን ቀን ቤት ሆኖ ነበር የሚሠራው። ላፕቶፗን በብብቷ ይዛ ከቢሮዋ እናቷ ቤት እንዴት እንደደረሰች አታውቅም። ምሳ እየበላ አገኘችው። ሰላም እንኳ ሳትለው ላፕቶፑን ከሾርባ ሳህኑ አጠገብ ዘረጋችው።

«አራተኛውን ለምን አወጣኸው?»

ማሙሽ ማንኪያውን አስቀመጠ። «እንዴት?»

«እንዴት አትበለኝ! የኔን ሥራ አይተሃል። ቢሮዬ ገብተህ ነው? ማን አሳየህ?»

«እማዬ ትሙት፣ ያንቺን ፋይል ዓይኔ አላየውም!»

«እኔን ለምን ትገድለኛለህ?» አለች እናት እጇን በፎጣ እየጠረገች ከማድ ቤት ብቅ ብላ። «ምንድን ነው እሱ ጩኸት?»

«ልጅሽ ኮርጇል» አለች እታለም።

በዚያ ቤት ከስድብ ሁሉ የሚከብደው ያ ቃል ነው። እናትየዋ ፎጣውን ወንበር ላይ ጣለችው። «ከማን?»

«ከኔ።»

«ምኑን?»

እታለም ጣቷን ስክሪኑ ላይ፣ ጉብታው ላይ አሳረፈች። «ይኼን።»

እናት መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ ጎንበስ ብላ አየች። ፊቷ ላይ የነበረው ቁጣ ሲሟሽሽ ይታይ ነበር። ቀና ስትል ወደ ልጆቿ አላየችም፤ ወደ ግድግዳው ነው ያየችው።

«ይኼ እኮ…» አለች። «ይኼ እኮ ያ ማቀዝቀዣሽ ላይ የለጠፍሽው ሥዕል ነው።»

ማሙሽ የሾርባ ሳህኑን ገፋ አደረገው።

«ከመክፈቻው በፊት አንድ ቅዳሜ ቤትሽን ላጸዳልሽ ስመጣ አየሁት። ደስ የሚል ጉብታ፣ በስተቀኝ። ቤት ስመጣ እሱ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል፤ ስክሪኑ ላይ ያለው ሁሉ ሜዳ ነው። አሳዘነኝ። ‹የእህትህ እኮ በስተቀኝ ጉብ ይላል፣ አንተ ምነው ረሳኸው?› አልኩት። ሌላ ምንም አላልኩም። እንደ ቁም ነገር መች አየሁት!»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እታለም ማቀዝቀዣውን አሰበች። ደስ ስላላት ነበር ጠዋት ጠዋት እያየችው ቁርሷን ልትበላ የለጠፈችው። የሰውን ሕግ መጣስ ስታወራ የራሷን ጥሰት በማግኔት ለጥፋ ነበር የመጣችው።

«ጆሮ ክዳን የለውም፤ አንዴ ሰማሁት» አለ ማሙሽ ሾርባውን እያየ። «እኔ ሦስተኛውን አውጥቼ ሜዳ ነበር ያገኘሁት። ሦስቴ አየሁት፣ ሜዳ ነው። ያንቺ ጉብ እንደሚል ስሰማ አንድ ቦታ ተሳስቻለሁ ማለት ነው አልኩ። ሦስተኛውን መለስኩ። አንደኛውን አወጣሁ፣ ጉብታው ደብዛዛ ነው። ሁለተኛውን አወጣሁ፣ ያው ደብዛዛ ነው። አራተኛውን ሳወጣ ጥርት ብሎ ብቅ አለልኝ። ምክንያቱን የፈለግኩለት ከዚያ በኋላ ነው።»

«ሜዳ ካገኘህ ለምን ሜዳ ነው አላልክም?»

«ያንቺና የኔ መልስ በተለያየበት ቀን» አለ ማሙሽ «የኔ ትክክል ሆኖ ያውቃል?»

እታለም ላጲሱን አስታወሰች። ልጆች ሳሉ የቤት ሥራውን የምታየው እሷ ነበረች። ላጲስ ይዛ አጠገቡ ትቀመጣለች፤ እሱ ጽፎ ሳይጨርስ እሷ ታጠፋለች። አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነበረች። ልክ ያልነበረችባቸው ጊዜያትም ነበሩ፤ እነዚያን ግን ነግራው አታውቅም። በራሷ አፈረች፣ ከዜሮውም በላይ።

«ከዜሮ መቁጠር ረስቼ ነው አራተኛውን የጣልኩት» አለችው። «ዛሬ አስተካክዬ ሳስኬደው ሜዳ ወጣ። ያንተ የመጀመሪያው ነበር ትክክሉ።»

ደስ ይለዋል ብላ ከሆነ ተሳስታለች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለችው ሴት የጣለችውን ስታይ ምን እንደተሰማት ተረቱ አይናገርም። ማሙሽ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ አለቀሰ።

እናትየዋ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «እንግዲህ አየር የላትማ?»

«አናውቅም፣ እማዬ። እስካሁን አላየንም።»

«ሐሙስ የተባለውስ?»

እታለም ላፕቶፑን ዘጋች። እናትየዋ ፎጣውን አንሥታ አጣጠፈች፣ መልሳ ዘረጋች። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «ይህን ከኛ ከሦስታችን ሌላ የሚያውቅ አለ?» አለች። ዕድሜዋን ሙሉ ኮራጅ ስታሳድድ ከኖረች ሴት አፍ ያ ጥያቄ ይወጣል ብላ እታለም አስባ አታውቅም። እናቷ ግን ያን ሰዓት አስተማሪ አልነበረችም፤ ልጇ ከሥራ ሊወጣባት ነው። እታለምም ብትሆን ጥያቄውን ለመቆጣት አንደበቷ አልታዘዝ አላት፤ ለአንድ አፍታ ያህል እሷም አስባዋለችና።

ማሙሽ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ። «እኔ አውቃለሁ፣ እማዬ» አለ።

ረቡዕ ጠዋት ሁለቱም አለቃቸው ቢሮ ቆሙ። እታለም እንደ ልማዷ ቀድማ አፏን ስትከፍት ማሙሽ ክንዷን ያዝ አደረጋት። «እኔ ልናገር።» የሰማውን፣ ሰምቶ ያደረገውን፣ ያላመነበትን ምክንያት መጻፉን አንድ በአንድ ተናገረ። ምንም አላስቀረም። እታለምም ቀጥላ ዜሮዋንና ማቀዝቀዣዋን ተናዘዘች።

አለቃቸው እስኪያልቅ አላቋረጧቸውም፤ ይህ ራሱ ያስፈራ ነበር።

«ማቀዝቀዣ ላይ?» አሉ በመጨረሻ።

«አዎ፣ ማቀዝቀዣ ላይ» አለች እታለም።

«ከዛሬ ጀምሮ ሕጉ ማቀዝቀዣንም ይጨምራል።» አልሳቁም። ወደ ማሙሽ ዞሩ። «መስማትህ ጥፋት አይደለም፤ እናት ታወራለች። ሰምተህ አለመናገርህ ነው ጥፋቱ። ምክንያት መፍጠርህ ደግሞ ከሱ ይብሳል። ሐሙስ የሚባል ነገር የለም። ቋሚ ቦታውም የለም።»

«ገብቶኛል» አለ።

«አልጨረስኩም። ቴሌስኮፑ ከጥቂት ወራት በኋላ ያችን ፕላኔት እንደገና ያያታል። እስከዚያ ውልህን አስረዝማለሁ፣ ከዚያ በኋላ ግን ቃል አልገባም። ዳታውን አሁንም ለሁለታችሁ እሰጣለሁ።»

«ለሁለታችን?» አለች እታለም።

«ሌላ ሰው ከየት ላምጣ? ደግሞ እኮ ከሁለታችሁ ሜዳውን ቀድሞ ያገኘው እሱ ነው። ማግኘቱን ያመነ ዕለት ሰው ይሆናል።»

እነዚያ ወራት በዚያ ቤት ለጉድ ነበሩ። እናትየዋ ቅዳሜ ቅዳሜ እታለም ቤት ስትመጣ በሩ ላይ ቆማ «ማቀዝቀዣውን ሸፍኚው!» ብላ ትጮሃለች። ማሙሽ ላፕቶፑን ሲከፍት ካየች ሻርፗን ዓይኗ ላይ ስባ ግድግዳ እየዳሰሰች ታልፋለች፤ አንድ ቀን እንዲያውም ከወንበር ጋር ተጋጭታ ጉልበቷ አበጠ። «ለሳይንስ ነው» አለች እያነከሰች። እሁድ ስለ ዝናብ አወሩ። እታለም ወንድሟ እየከሳ መሄዱን አየች። አንዳንድ ጊዜ ምላሷ ጫፍ ላይ አንድ ጥያቄ ይመጣና ከጉርሻዋ ጋር ትውጠዋለች።

ሁለተኛው መክፈቻ እንደ መጀመሪያው ሰው አልሞላውም። አንዴ የተሸወደ ሰው ለማጨብጨብ አይቸኩልም። አለቃቸው ቁልፉን ተጫኑ። ሰማያዊውና ቢጫው ተያይዘው ሜዳ ለሜዳ ሄዱ። በስተቀኝ ሲደርሱ ተለያዩ። ሰማያዊው ጉብ አለ፤ ትንሽ ናት፣ ግን አለች። ቢጫው ሜዳውን ይዞ ቀጠለ።

ክፍሉ ውስጥ ያለ ዓይን ሁሉ ወደ ማሙሽ ዞረ። የእታለም ዓይንም ዞረ፤ ልትከለክለው ሞክራ ነበር፣ የቆየ ልማድ ግን ቀደማት።

«እህትህ ጉብታ አላት፣ አንተ የለህም» አሉ አለቃቸው። «ምን ትላለህ?»

ውሉ በዚያው ሳምንት ነበር የሚያልቀው። ክፍሉ ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም። ማሙሽ አንገቱ ሥር ቀላ። ጢሙን አሻሸ። ስክሪኑን አየ፣ እህቱን አየ፣ እንደገና ስክሪኑን አየ።

«የኔ ሜዳ ነው» አለ። «ሦስቴ አይቼዋለሁ፣ ሜዳ ነው። የኔን አልነካም። መጀመሪያ የሷን እንይ።»

አለቃቸው እታለምን በአገጫቸው ጠቆሟት። እሷም ላፕቶፗን ሳበች። ልቧን ግን ምን እንደነካው ሞቅ ብሎት ነበር። ፕሮግራሟን ከፍታ ከመጀመሪያው መስመር ማንበብ ጀመረች። ማሙሽ ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ። አንብባ እስክትጨርስ ድረስም አንድ ቃል አልተነፈሰም።